ሳላነብ የፈረምሁት ቃለ ጉባኤና የታገደችው ተማሪ

ቀን፦ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቢቸና

ለጮቄ ዩኒቨርሲቲ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሞጣ

ጉዳዩ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የተዘጋው የሴት ተማሪዎች ክበብ ክፍል እንዲከፈት፣ በዚሁ ምክንያት የታገደችው ተማሪ ይርጋነሽ ምንይሉ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ፣ እኔም በአማካሪ ቡድኑ ቃለ ጉባኤ ላይ ያኖርሁት ፊርማ እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

እኔ አመልካች አመተ ሥላሴ ኃይለ ሚካኤል የቢቸና ከተማ ነዋሪ ስሆን ዕድሜዬ ስድሳ አራት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሂሳብ አስተምሬ በ2013 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብቻለሁ። በሥራ ዘመኔ የብዙ ሰው አቤቱታ አርሜያለሁ፤ በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ጊዜ ሞጣ ድረስ ተመላልሼ በቃል ያልተሰማልኝን ነገር በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ስለሆነብኝ፣ ጊዜዎን እንደምሻማ እያወቅሁ፣ የሆነውን ከመነሻው አስረዳለሁ።

1. በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል በደብዳቤ የአማካሪ ቡድኑ አባል እንድሆን ጠየቀኝ። ቡድኑ አምስት ሰው ነው፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መምህር ወንደሰን ሰብሳቢ ናቸው፤ ከእርሳቸው ጋር አንድ ሌላ መምህር፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጡ አንድ ባለሙያ፣ የሞጣው መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስና በወላጆች ተወካይነት እኔ አለን። ሥራችን ትምህርቱ ለአካባቢው ይበጅ እንደሆነ፣ በትምህርት ክፍሉ ሥር ያሉት የተማሪ ክበቦችም ምን እንደሚጎድላቸው መምከር ነው ተባልን። እኔ ኮምፒውተር እንደማላውቅ ለመምህር ወንደሰን ነግሬያቸው ነበር። ልጆቹን ስለማውቃቸው ይበቃል ብለው መለሱልኝ። ደስ አለኝ፤ ተቀበልሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ሲፈለግ ደስ እንደሚለው ክቡርነትዎ አያጡትም።

2. በአራት ዓመት ሰባት ጊዜ ተሰብስበናል። ሌላው ጊዜ ሁሉ መንገድ እየተዘጋ ቀርቷል። ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ለመድረስ፣ መንገዱ ሰላም የዋለ ዕለት፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሰላም ባልዋለ ዕለት ግን ከመናኸሪያው ተቀምጦ መዋልም አለ። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም፤ ወደ ኋላ የምናዘዘው ጥፋት ከዚሁ ድካም የመጣ ስለሆነ ነው።

3. ስለ ክበቡ። ተማሪ ይርጋነሽ ምንይሉ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ተማሪዬ ነበረች። አባቷ አቶ ምንይሉ ከቢቸና በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ ቀበሌ የሚኖሩ ጤፍ አምራች ናቸው። ልጅቷ በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ ደረሳት። በመጀመሪያው ዓመት የሆነችውን ራሷ ነግራኛለች። በላብ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ኮምፒውተር አራት ተማሪ ይመደባል። ኪቦርዱን የሚይዘው ከከተማ የመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜም ወንዱ ነው። እርሷና መሰሎቿ ከኋላ ቆመው ያያሉ። ፈተናው ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይቀመጣል። አብረዋት ከገቡት አሥራ አምስት ሴቶች ስድስቱ በዚያው ዓመት ወደቁ። ሰነፎች አልነበሩም። ነገሩን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም ነበር።

ይርጋነሽ ሁለተኛ ዓመት ስትደርስ ከሰባት ጓደኞቿ ጋር የሴት ተማሪዎች ክበብ አቋቋመች። ከላብ ሁለት ቀጥሎ የተሰበሩ ኮምፒውተሮች የተከመሩበት መጋዘን ነበር፤ እርሱን አስፈቀዱ። ቁልፉንም ትምህርት ክፍሉ በደብዳቤ አስረከባት። ከአሥራ አንዱ ብልሽት የአንዱን ለሌላው እየገጠሙ ስድስቱን አስነሡ። ከዚያ ወዲያ አዲስ የሚገቡትን ሴቶች ከሰዓት በኋላ እየሰበሰቡ ከኪቦርድ አያያዝ ጀምረው ያስተምሩ ነበር። አንድ ዕለት ከስብሰባ ስወጣ ገብቼ አይቻለሁ። ከየጁቤ ወገን የመጣች ልጅ በአንድ ጣቷ ፊደል እየፈለገች ትጽፋለች፤ የተጻፈውን የሚያጠፋውን ቁልፍ እንዳትነካ ፈርታ ግራ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋዋለች። ይርጋነሽ የልጅቷን እጅ አውጥታ ያንኑ ቁልፍ አስነካቻትና የጠፋውን መልሳ አሳየቻት። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ እንደዚያ ያለ ትምህርት ጥቂት ጊዜ ነው ያየሁት። በ2017 ዓ.ም. ከአዲስ ገቢ ሴቶች መካከል በመጀመሪያው ዓመት የወደቀች አንዲት ብቻ ናት።

4. ስለ ስብሰባው። ሁለት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጠራን። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ አልመጡም። አጀንዳው በትምህርት ክፍሉ ያሉት አምስት ክበቦች በአንድ የቴክኖሎጂ ክበብ ይጠቃለሉ የሚል ነበር። መምህር ወንደሰን ከሚኒስቴር እንግዶች ስለሚመጡ የፈጠራ ሥራ ማሳያ ማዕከል እንደሚያስፈልግ፣ ለዚህም የሴቶቹ ክፍል እንደሚመች አስረዱ። እኔ ክፍሉ እንዳይነካ ተናገርሁ፤ ያየሁትንም ነገርኋቸው። ሐሳቤ እንደሚያዝ ተነገረኝ። ደግሜ ስናገር፣ እውነቱን ለመናገር ደክሞኝም ስለነበር፣ የማይቀር ከሆነ እንኳ ሌላ ክፍል ሳይገኝላቸው እንዳይወጡ አልሁ። ይህችን ቃል ዛሬ ባልተናገርኋት እላለሁ።

5. ስብሰባው ስምንት ሰዓት አለፈ። ወደ ቢቸና የሚመለሰው የመጨረሻ ሚኒባስ ስምንት ተኩል ላይ ይወጣ ነበር፤ ካመለጠኝ ማደሪያ ፍለጋ ነው። በር ላይ ስደርስ ጸሐፊዋ ሁለት ወረቀት ይዛ ተከተለችኝ። አንዱ የመገኘት እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለተኛው ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ “ያው ነው፣ እትዬ” አለች። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ባጃጁ እየጠበቀኝ በፋይል ጀርባ ላይ አስደግፌ ሁለቱንም ፈረምሁ።

ማንም አላስገደደኝም። ይህ በዚህ አቤቱታ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

6. በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ሲመለሱ ክፍሉ ተዘግቶ፣ በላዩ የማሳያ ማዕከል የሚል አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኙት። ሌላ ክፍል አልተሰጣቸውም። ለትምህርት ክፍሉ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከቱ፤ መልስ የለም። የአዲስ ገቢዎቹ የመጀመሪያ የላብ ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኅዳር 18 ቀን፣ ይርጋነሽ በደብዳቤ በተረከበችው ቁልፍ ክፍሉን ከፍታ አሥራ አራት ተማሪዎች አስገባች። አንዲት ዕቃ አልተሰበረችም። በአሥራ አንደኛው ቀን ከትምህርት ገበታዋ ለአንድ ዓመት የሚያግዳት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ደብዳቤ ደረሳት። አራተኛ ዓመት፣ ልትመረቅ ወራት የቀራት ተማሪ ናት።

7. በታኅሣሥ መጀመሪያ በገበያ ዕለት ቤቴ መጣች። አገር ሰላም ነው ብዬ ወንበር ሰጠኋት። ወሬ አላስረዘመችም፤ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። “አማካሪ ቡድኑ በሙሉ ድምፅ የወሰነውን በመጣስ” ይላል።

“ቲቸር፣ እርስዎም ፈርመዋል?” አለችኝ።

በፍጹም አልፈረምሁም አልኋት። ቆጣ ብዬ ነው ያልኋት። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠችልኝ፤ የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ነበር። በተራ ቁጥር አራት፣ “የወላጆች ተወካይ ክፍሉ ለማዕከሉ እንዲውል ደግፈው፣ ወደ ፊት አማራጭ ቢፈለግ የሚል አስተያየት ሰጥተዋል” ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። የእኔ ነው፤ አወቅሁት።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አላነበቡትም?” አለች።

ክቡር ሆይ፣ በየክፍሉ እየዞርሁ “ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ሳታነቡ እርሳስ እንዳታነሡ” ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። እርሷም ከሰሙኝ አንዷ ናት። ወንበሩን አስጠግታ ተነሣች፤ ደብዳቤውን ግን ትታልኝ ሄደች።

8. በዚያው ሳምንት ሞጣ ሄድሁ። ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው ተብሎ ተመለስሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ መምህር ወንደሰን በአክብሮት ተቀበሉኝ። ክፉ ሰው ናቸው አልልም፤ ሁለት ኮርስ ደርበው የሚያስተምሩ፣ ጠረጴዛቸው በወረቀት የተሞላ ወጣት ናቸው። እግዱን እንዲያነሡ ስለምናቸው፣ የቡድኑን ውሳኔ የመሻር ሥልጣን እንደሌላቸው፣ እርሳቸው አስፈጻሚ ብቻ እንደሆኑ ነገሩኝ። እንግዲያውስ ቡድኑ ይጠራና ራሱ የወሰነውን ራሱ ያንሣ አልኋቸው።

“እትዬ፣ አማካሪ ቡድን ይመክራል እንጂ አይወስንም” አሉኝ።

በአንድ ወንበር ተቀምጬ ሁለቱንም ሰማሁ። ወሳኝ የተባልሁት ልጅቷን ለማገድ ነው፤ ለመመለስ ሲሆን መካሪ ሆንሁ። ይህን ስነግራቸው ነገሩ የገባቸው መሰለኝ። ሆኖም እግዱ እንዳለ ቀረ።

9. ከዚያ ወጥቼ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄድሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ እርሳቸውም “በስልክ ተስማምተዋል” ተብለው ተቆጥረዋል። ግልባጩን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡት። “እኔ በዚያ ዕለት ከታቦቱ ጋር ነበርሁ። ስልኬም ቤት ነበር” አሉ። ከዚያም ጥቂት አስበው፣ በዋዜማው አንድ ሰው ደውሎ ስለ ክበቦቹ አንድነት እንደጠየቃቸው፣ እርሳቸውም አንድነት መልካም ነው ብለው እንደመለሱ ነገሩኝ። ስለ ክፍል የጠየቃቸው የለም። አንድነት የምትለው ቃል ሰምና ወርቅ እንዳላት ሳይመረምሩ መመለሳቸው የራሳቸው ጥፋት ነው ብለው አዘኑ። የሰጡት በፊርማቸው የተረጋገጠ ቃል ከዚህ ጋር ተያይዟል።

10. በሦስተኛው ጉዞዬ ወደ መዝገብ ቤት ገባሁ። ፊርማዬን እንደምሰርዝ፣ ካልሆነም ከጎኑ ተቃውሞዬን እንደምጽፍ ለመዝገብ ሠራተኛዋ ነገርኋት። ትሑት ልጅ ናት። ቁጥር ወጥቶለት የታሰረ ሰነድ እንደማይነካ አስረዳችኝ። “ፊርማ አይመለስም፣ እትዬ” አለች፤ እርሷም አዝና ነው። ስመለስ በሴቶቹ ክፍል በኩል አለፍሁ። በመስኮቱ አየሁት። ስድስቱ ኮምፒውተሮች በላስቲክ ተሸፍነው ግድግዳ ተጠግተዋል፤ መካከሉ ባዶ ነው። ይመጣሉ የተባሉት እንግዶች እስከዚያች ቀን ድረስ እንዳልመጡ ጥበቃው ነገረኝ።

11. ባለፈው የገና ሰሞን የልጅቷ አባት አቶ ምንይሉ ማር ይዘው ሊያመሰግኑኝ ቤቴ መጡ። ለልጃቸው ሦስት ጊዜ ሞጣ መመላለሴን ሰምተው ነው። ይርጋነሽ የእኔን ፊርማ ነገር አልነገረቻቸውም ነበር። ማሩን ተቀብዬ ዝም ማለት እችል ነበር፤ አልሆነልኝም። ልጅዎን ካሳገዱት ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነው፣ ሳላነብ ፈርሜ ነው አልኋቸው።

ሰውየው አልተቆጡም። “እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ቀበሌ ሲጠራኝ በአውራ ጣቴ ነው የምፈርም” አሉ። ቀጥለውም፣ “ግን አስነብቤ ነው። በሁለት ሰው ነው የማስነብበው” አሉ።

ይህን ያሉት ሊነኩኝ አልነበረም፤ እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዱኝ ነበር። ማሩንም መልሰው አልወሰዱም።

12. ይርጋነሽ አሁን ቢቸና ከአንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ይህን አቤቱታ ለመጻፍ ስነሣ አማከርኋት። በረቂቄ ላይ ከሁሉ አስቀድሜ ያሰፈርሁት የእርሷን መመለስ ነበር፤ ይቅርታ ይደረግላት የሚል ቃልም ነበረበት። ይቅርታ የምትለውን አሰረዘችኝ፤ ቁልፉን የሰጣት ትምህርት ክፍሉ ስለሆነ። ከዚያም ቅደም ተከተሉን እንድለውጥ ነገረችኝ። በዚህ ሴሚስተር ከአዲስ ገቢዎቹ አሥራ አራት ሴቶች አራቱ ከሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና በፊት ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው እንደተመለሱ በስልክ ሰምታለች። ያቺ ከየጁቤ የመጣችው፣ አሁን ሁለተኛ ዓመት የደረሰችው ልጅ ናት የደወለችላት፤ በዶርም ውስጥ በወረቀት ላይ ኪቦርድ ሥላ የቀሩትን እንደምታለማምድ ነግራታለች።

“መጀመሪያ ክፍሉን ይጻፉ፣ ቲቸር። እኔ አንድ ነኝ” አለችኝ።

ስለዚህ እንደ ቃሏ አድርጌያለሁ። ልመናዬም የሚከተለው ነው።

ሀ) የሴት ተማሪዎች ክበብ ክፍል የሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንዲከፈት፤ ለማሳያ ማዕከሉ ሌላ ክፍል ማግኘት ካልተቻለም እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት ብቻ ክፍሉን እንዲጠቀሙበት፤

ለ) የተማሪ ይርጋነሽ ምንይሉ እግድ የተመሠረተበት ቃለ ጉባኤ ከአምስት አባላት አንዱ ያልተገኙበት፣ የሌላዋ ሐሳብ ተገልብጦ የተጻፈበት በመሆኑ እግዱ ተነሥቶ በየካቲት ወር ምዝገባ እንድትመለስ፤

ሐ) ፊርማዬ እንዲሰረዝ፤ የማይሰረዝ ከሆነ ይህ አቤቱታና የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቃል ከዚያው ቃለ ጉባኤ ጋር በአንድ መዝገብ እንዲታሰሩ፣ ያንን የሚያነብ ሁሉ ይህንንም እንዲያነብ፤

መ) ከአማካሪ ቡድኑ እንድሰናበትና ወንበሬ ከክበቡ አባላት ለአንዲቱ እንዲሰጥ። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሩቅ እየመጣሁ የምናገረውን እነርሱ በየቀኑ ያውቁታል።

ክቡር ሆይ፣ አራተኛ ጊዜ ለመመላለስ ጉልበቴ አይፈቅድም፤ መንገዱም አያስተማምንም። ስለዚህ መልሱ በጽሑፍ እንዲላክልኝ እለምናለሁ። መልሱ አይሆንም የሚል ቢሆን እንኳ የወሰነው ሰው ስም ይጻፍበት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወሳኙ ቡድኑ ነው ይላሉ፤ ቡድኑ አይወስንም ይባላል፤ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን ተከተልሁ ይላል። ከታኅሣሥ ጀምሬ ይህችን ልጅ ማን እንዳገዳት ስፈልግ ቆይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያገኘሁት የራሴን ፊርማ ብቻ ነው።

ከአክብሮትና ከትሕትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አመተ ሥላሴ ኃይለ ሚካኤል
ጡረተኛ የሂሳብ መምህርት፣ ቢቸና

አባሪ፦ የቃለ ጉባኤው ግልባጭ፣ የእግድ ደብዳቤው ግልባጭ፣ ቁልፉ የተሰጠበት ደብዳቤ ግልባጭ፣ የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ የጽሑፍ ቃል

ግልባጭ፦
ለኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል፣ ሞጣ
ለተማሪ ይርጋነሽ ምንይሉ፣ ቢቸና